የሦስት ልጆች አባት

ጥቅምት 12 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ሙቀቱ አልበረደም። ዝናቡ ሦስት ቀን ጥሎ ተወን፤ አሁን ከመሬቱ የሚነሣው እንፋሎት ብቻ ነው። 11ኛ «ሐ» ውስጥ ሰባ አራት ተማሪ አለ፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው። ዛሬ አዲሱን ምዕራፍ ጀመርን፤ ልብ ወለድ ባልሆነ ጽሑፍ ውስጥ የጸሐፊውን አስተያየትና ወገንተኝነት መለየት። የመጽሐፉ ምንባብ በረዶ ስለሚጥልበት አገር ስለ አንድ የባቡር ጣቢያ ነው። ልጆቹ አነበቡት፣ ማንም ምንም አልተሰማውም። ጸሐፊው ጣቢያውን ቢወደው ቢጠላው እኛ ምን አገባን።

ስለዚህ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ከየቤታችሁ እውነት ነው ተብሎ የተጻፈ ነገር አምጡ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን። ጥቂቱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፣ ክፍል ውስጥ እንነጋገርበታለን። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ። ማን ጻፈው? ማን አስጻፈው? ምን ሳይጻፍ ቀረ?

ሦስተኛው መጽሐፉ ላይ የለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ለምን እንደጨመርኩት አላውቅም፤ ደክሞኝ ነበር።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

የመጣው ወረቀት ብዛቱ። የመድኃኒት መግለጫ፣ የቤተ ክርስቲያን መጽሔት፣ የስፖርት ጋዜጣ ቁራጭ። አንዱ የዘይት ጀሪካን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ከነጀሪካኑ ይዞት መጣ።

አሞጽ የዶርዜ ልጅ ነው። ለቱሪስት የሚታደል ወረቀት አመጣ። የዶርዜ ሰዎች ዘወትር ደስተኞች ናቸው፣ ቀኑን በዘፈን ጀምረው በዘፈን ይጨርሱታል ይላል። አሞጽ አባቱ ሸማኔ እንደሆነ ነገረን። ከጠዋት እስከ ማታ ሽመናው ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ ወገቡን ሲያመው እንኳን ሊዘፍን ሰላምታም አይመልስም። ታዲያ ማን ጻፈው ብዬ ጠየቅሁት።

«አንድ ሌሊት አድሮ የሄደ ሰው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ወደቀ።

ጥሩ ክፍለ ጊዜ ነበር፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ለሰይፈሥላሴ ነገርኩት፤ መምህራን ክፍል ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጥ የታሪክ አስተማሪ ነው። እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ለኔ ተማሪዎች እንዳታስተምርብኝ፣ የኔ መጽሐፍ አይችላቸውም አለኝ።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ከየት ልጀምር።

ዛሬ የኢያኤል ተራ ነበር። መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት። ከደጋው ከገረሴ ለትምህርት ወደ አርባ ምንጭ ወርዳ ሲቀላ ሰፈር ከአክስቷ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ከላስቲክ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ቀብር ላይ የሚታደለው ዓይነት ነው፤ ከላይ የሟች ፎቶ፣ ከሥር የሕይወት ታሪክ።

ፎቶውን ከሩቅ አወቅሁት። ገነነ ነው። ጎረቤቴ፣ የሻሺቱ ባል፣ ሃያ ዓመት አብሬው የበላሁ የጠጣሁ ሰው። መስከረም 9 ቀበርነው። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዕድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ የሰፈራችንን ሙት ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን ቤተሰቡ ይነግረኛል፣ አሳምሬ እጽፈዋለሁ፣ በማግሥቱ መቃብሩ ዳር ቆሜ አነበዋለሁ። ስሜን ከሥሩ አልጽፍም። የማንም ስም አይጻፍም።

ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችውን አነበበች። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ። በግብርና ባለሙያነት በገረሴና በአርባ ምንጭ ለረጅም ዓመታት በታታሪነት። ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ቤተሰባቸውን ወዳድ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነበሩ። እዚያ ላይ አቆመች።

አሞጽ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኛ ሰፈር እስካሁን አንድም ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም» አለ። ሳቁ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

ከዚያ እንደ ሌሎቹ በጥያቄዎቹ ሄድን። ማን ጻፈው? ስም የለውም አለች። ማን አስጻፈው? ቤተሰቡ ሳይሆን አይቀርም። ምን ሳይጻፍ ቀረ?

«አንድ ልጅ» አለች።

አንዲት ተማሪ በምን አወቅሽ አለቻት። አውቃለሁ አለች፣ በቃ። ቀጥላ ሰሌዳውን እያየች እኔን ጠየቀችኝ። ጸሐፊው ሳያውቅ ቢተወው ወገንተኛ ይባላል ወይ? በእንግሊዝኛ ረጅም መልስ ሰጠሁ። ካላወቀ ወገንተኛ አይባልም፣ የመረጃ እጥረት ነው፣ እነዚህን ሁለቱን መለየት ይገባል። ምሳሌም ጨመርኩ።

«ካወቀስ?» አለች።

ደወሉ ተደወለ።

በስም መጥሪያው ላይ ኢያኤል ገነነ ትባላለች። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ በየቀኑ እጠራታለሁ። ገነነ የሚባል ሰው ብዙ ነው።

ጥቅምት 20

መብራት የለም። የፈተና ጥያቄ አላወጣሁም። ባለቤቴ ወርቂቱ ምን ሆነሃል አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሻሺቱ መጣች፣ ሕዝቅኤልም አብሯት ነበር። ሕዝቅኤል የገነነ ታናሽ ወንድም ነው፣ የምእመናኑም ሽማግሌ። ሻሺቱ በቀጥታ ወደ ወርቂቱ ጓዳ ገባች። እነሱ እህትማማች ናቸው ቢባል ማንም አይጠራጠርም፤ ልጆቻቸውን እኩል ነው ያሳደጉት።

ሕዝቅኤል እኔ ዘንድ ተቀመጠ። ብርቅዬ የምትባል የገረሴ ሴት ፍርድ ቤት አቤት ብላለች። ልጄ የገነነ ልጅ ናት፣ ከልጆቹ ጋር ትቆጠርልኝ ነው የምትለው። እነ ሕዝቅኤል መልስ ሰጥተዋል። ከመልሱ ጋር ማስረጃ አያይዘዋል። ማስረጃው የኔ ወረቀት ነው።

«ሰው ሁሉ ባለበት ተነበበ። አይደለም ያለ አልነበረም» አለኝ። «ዳኛዋ ብትጠራዎት ቤተሰቡ የነገረኝን ነው የጻፍኩት ይበሉ፣ መምህር። ሐሰት አይደለም።»

ሐሰት አይደለም። ልክ ነው፣ ሐሰት አይደለም።

ሻሺቱ እጇን በነጠላዋ እያደረቀች ወጣች። ክሳቷ ያስደነግጣል። ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህ ነገር ቢኖር አላውቅም ነበር ወይ አለች። የጠየቀችው ማንን እንደሆነ አልለየሁም፤ የምታየው ግን እኔን ነበር። ሰው ሲሞት ብዙ ይባላል አልኳት።

ወርቂቱ እስኪሄዱ ድረስ ከጓዳ አልወጣችም።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ደብተር ሳርም ዋልኩ። ሰባ አራት። የኢያኤልን ወደ መጨረሻ ገፋሁት፣ ያው ደረሰ።

ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍላዋለች። በአንዱ በኩል ሊረጋገጥ የሚችል፣ በሌላው የጸሐፊው አስተያየት። ታታሪ፣ አስተያየት። ሰው አክባሪ፣ አስተያየት። ቤተሰባቸውን ወዳድ፣ አስተያየት። በ1963 ተወለዱ፣ ሊረጋገጥ የሚችል። የሦስት ልጆች አባት የሚለውን ሊረጋገጥ በሚችለው ሥር አስገብታዋለች። ከግርጌው አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አለ። ይህ ሊረጋገጥ የሚችል ነው፣ ማንም ግን አላረጋገጠውም ትላለች።

ዘጠኝ ከዐሥር ሰጠኋት። አንዱን የቀነስኩት ርእስ ስላልጻፈችበት ነው።

ሌሎቹም ርእስ አልጻፉም። ለነሱ አልቀነስኩም።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

የፍርድ ቤቱ መጥሪያ ደረሰኝ። ለኅዳር 11፣ ምስክር።

ኢያኤል በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ ነበር። ሰይፈሥላሴ አያት፣ እኔን አየኝ፣ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣ። ሻዩን ገና ጠጥቶ መጨረሱ ነበር። ግቢ አልኳት። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች፣ አልቀመጥም አለች።

«ያነበቡት እርስዎ ነዎት፣ ቲቸር» አለችኝ። «እኔ ከእናቴ ጋር ከኋላ ቆሜ ነበር።»

ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሽም አልኳት። ከሁሉ የከፋው ንግግሬ ይህ ነው። አሁንም ሳስበው ፊቴን ይለበልበኛል።

«ቀብር ላይ እጅ ይወጣል እንዴ?»

ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኋት፤ ቤቱን ነው ወይ። ቤቱን እነሱ ይኑሩበት አለች፣ እናቴም አትፈልገውም። ከዚያ በኋላ ያለችውን እንዳለችው ልጻፈው፤ ነገ ሌላ መልክ እንዳልሰጠው።

«እሱ ገረሴ ሲመጣ አባቴ ነበር። እዚህ ሲመለስ አልነበረም። እሱን ለምጄዋለሁ። አሁን ግን ሞቷል፣ የቀረው ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ላይ የለሁም። ዳኛዋ ደግሞ ወረቀት ነው የምታነበው።»

የሰይፈሥላሴን ባዶ ብርጭቆ ወደ ጎን ገፋሁ።

«ካወቁ ይንገሩልኝ» አለች። «ካላወቁ አላውቅም ይበሉ። ሌላ አልፈልግም።»

አስብበታለሁ አልኳት። የክለብ ስብሰባ ቀን እንደጠየቀችኝ ሁሉ። አመሰግናለሁ ብላ ወጣች።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

የዕድሩን ሰነዶች የማስቀምጥበት ካርቶን ውስጥ ረቂቁ አለ። በእጄ የጻፍኩት፣ ወደ ኮምፒውተር ቤት ከመሄዱ በፊት። ዛሬ አወጣሁት።

መጀመሪያ «የአራት ልጆች አባት» ብዬ ነበር የጻፍኩት። አራት የሚለው ተሰርዞ በላዩ ሦስት ተጽፎበታል። ምናልባት ከፊተኛው ሟች ላይ ቀድቼ ይሆናል። አጻጻፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው እገለብጣለሁ፤ ስምና ቁጥር መለወጥ እየረሳሁ የተሳሳትኩበት ጊዜ አለ። አንድ ጊዜማ ወንዱን ሟች «ደግ እናት» አድርጌው በመጨረሻ ደቂቃ ነው ያረምኩት።

ፊተኛው ሟች ወርቅነህ ነበር። ወርቅነህ ልጅ አልነበረውም።

ሕዝቅኤል ያን ማታ ለቅሶ ቤት ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ቃሉ ላይ ጣቱን አኖረ። «ሦስት ናቸው፣ መምህር» አለኝ። ድምፁን አልጨመረም። ሻሺቱ ከሴቶቹ ጋር ወዲያኛው ክፍል ነበረች፣ ለቅሶው ይሰማ ነበር። ሰረዝኩት። ከዚያ በፊትም ሆነ ያኔ ተነጋግረንበት አናውቅም። የሚያነጋግር አልነበረም፤ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ይኸው ጻፍኩት።

ጥር 2005 ነው። ገረሴ ለመምህራን ሥልጠና ስወጣ ገነነ በመሥሪያ ቤቱ መኪና አሳፈረኝ። ከተማው ሳንደርስ የቀርከሃ አጥር ያለው ግቢ በር ላይ አቆመ። አንዲት ሕፃን እየሮጠች ወጣች፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ገነነ ከኪሱ ስንደዶ አወጣ፤ ባለፈው ሲመጣ በእግሯ ልክ የቆረጠው ነው፣ ሲቀላ ሄዶ በሱ ለክቶ ጫማ ገዝቶላታል። ተንበርክኮ አጠለቀላት። ጫማው ጠበባት። በሁለቱ ጉዞ መካከል እግሯ አድጎ ነበር። ጫማውን ይዞ ተቀመጠ፣ መሬቱ ላይ፣ በሥራ ሱሪው።

የዘመድ ልጅ ናት አለኝ፣ ሳልጠይቀው። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ብዙ መንገድ ሄደን «ሻሺቱ አታውቅም። አንተም አታውቅም» አለኝ። እሺ አልኩት።

እሺ ማለት ቀላል ነው። በማግሥቱ ቤቱ ምሳ በላን፤ ሻሺቱ እጄን አስታጠበችኝ። እንዲህ አድርገን ዐሥራ አንድ ዓመት ኖርን። ማንንም ያልጎዳ መስሎኝ ነበር። ወዳጅን መሸፈን ነው ብዬ ነበር።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ፍርድ ቤት። ዐሥር ደቂቃም አልፈጀ።

ዳኛዋ ወጣት ናት፣ የኔ ተማሪ ልትሆን ትችል ነበር። ይህን ማን ጻፈው አለች። እኔ ነኝ አልኩ። ሦስት ልጆች የሚለውን ከየት አገኙት? ቤተሰቡ ነገረኝ። የሚጨምሩት አለ?

የለም አልኩ።

ምዬ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። አንዱም አይነቀፍም። ረቂቁ ኮት ኪሴ ውስጥ ነበር። ለምን ይዤው እንደሄድኩ አላውቅም።

ኢያኤል የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። ብርቅዬን በቅርብ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ቀጭን ሴት፣ የሰው ፊት የማታይ። ኢያኤል ግን ሌላ ተማሪ ተነሥቶ ሲመልስ እንደምታዳምጠው አዳመጠችኝ።

ዳኛዋ ወገኖቹ ከፈለጉ በሽማግሌ ተነጋግረው ይምጡ፣ ካልሆነም ባለው ማስረጃ እወስናለሁ ብላ ለታኅሣሥ ቀጠረች። ባለው ማስረጃ ማለት የኔ ወረቀት ነው። ሕዝቅኤል በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ለወርቂቱ ነገርኳት። ሌላ የለም አልክ አለችኝ። አዎ አልኳት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

ኅዳር 12

ክፍል ገባሁ። ወደ ባቡር ጣቢያው እንመለስ አልኳቸው። አሞጽ ያመጣነው ወረቀት መች አለቀ አለ። አልቋል አልኩ። ኢያኤል ገጹን ገለጠች። የጻፍኩትን ሁሉ ጻፈች።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ወርቂቱ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት አልተመለሰችም። የት እንደነበረች አልነገረችኝም። ዓይኗ አብጦ ነበር፤ የታመመ ልጠይቅ ሄጄ ነው አለችኝ፣ ማን ታመመ ስላት ልብሷን ልትቀይር ገባች። ሁላችንም ተዳክመናል። ሙቀቱም አለ።

ዛሬ ሕዝቅኤል ትምህርት ቤት ድረስ መጣ፣ ተቆጥቶ። ሻሺቱ ማንንም ሳታማክር ነገሩ ገረሴ ላይ በሽማግሌ ይታይ ብላለች። እያሸነፍን ሳለን አለ። እየተጎዳች ያለችው ራሷ፣ ሽማግሌ የምትጠራው ራሷ፤ ምን እንደነካት አይገባኝም አለኝ። እኔም አልገባኝም።

ሽማግሌዎቹ መልእክት ልከዋል። ኅዳር 28፣ ቅዳሜ፣ ስለ ሟች የተናገረ ሁሉ ገረሴ ይምጣ ብለዋል። የጻፈውም።

ኅዳር 22፣ እሑድ

እንቅልፍ የለም። ታምሜያለሁ ብዬ ብቀርስ። ሰይፈሥላሴ ቅዳሜ የማካካሻ ትምህርት አለ፣ አንተን አስገብቼልሃለሁ አለኝ፣ መውጫ እንዲሆነኝ ብሎ ነው። አመሰገንኩት። መልስ አልሰጠሁትም።

ሻሺቱ ሳምንት ሙሉ ቤታችን አልመጣችም።

ኅዳር 29፣ እሑድ ጠዋት

የትናንቱን በቅደም ተከተል ልጻፍ። ሳላሳምር።

ገረሴ ቀዝቃዛ ነበር። ጭጋጉ እስከ አራት ሰዓት አልተነሣም። ዱቡሻው ከገበያው በላይ ያለ ሣራማ ሜዳ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ነገር የሚያዩት እዚያ ነው፣ ሰማይ እያያቸው። ቡሉኳቸውን ተከናንበው በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። በአንድ ወገን ሕዝቅኤል፣ ሻሺቱ፣ ሦስቱ ልጆቿ፣ ታላቁ ባርኮት፣ ዮርዳኖስና ትንሿ ኖላዊት። በሌላው ወገን ብርቅዬና ኢያኤል። እኔ የት እንደምቀመጥ አላወቅሁም፣ መካከል ላይ ቀረሁ።

ገብረ ማርያም የሚባሉ ትልቅ ሽማግሌ ነበሩ የሚጠይቁት። የሚናገሩት በጋሞኛ ነው፤ የእናቴ ቋንቋ ነው፣ እሰማዋለሁ። በመጀመሪያ መረቁ። ለከብቱም ለገብሱም ሰላም ለመኑ። ብርቅዬ ተነሥታ አጭር ነገር ተናገረች። ሕዝቅኤል ረጅም ነገር ተናገረ፣ ወረቀቱንም ዘርግቶ አሳየ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። እዚያ የሚናገር ቆሞ ነው የሚናገረው፣ ተቀመጥ ካልተባለም አይቀመጥም።

«ዳኛዋ የተነገረህን ጠይቃሃለች አሉ» አሉኝ ሽማግሌው። «እኛ እሱን አንጠይቅህም። ይህን ስትጽፍ አንተ የምታውቀው ስንት ነበር?»

ከፍርድ ቤቱ ቀን ጀምሮ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። ለዚህ ጥያቄ ግን አልነበረም ያዘጋጀሁት።

«አራት» አልኩ።

ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ የቀረውን ነገርኳቸው። ጥር 2005። ስንደዶው። የጠበበው ጫማ። መኪናው ውስጥ የተባለው። ረቂቁን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁ፤ ሽማግሌው የተሰረዘውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ማን አሰረዘህ አሉኝ። እኔ ነኝ የሰረዝኩት አልኩ። ሕዝቅኤል የዚያን ጊዜ ሣሩን እያየ ከተቀመጠበት ተናገረ፤ እኔ ነኝ ሦስት ያልኩት፣ የወንድሜን ስም ለመጠበቅ ነው አለ። ቆመህ ተናገር አሉት። ቆሞ ደገመው።

ከሩቅ አካባቢ የሚወቃ ገብስ ይሰማ ነበር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተነጋገሩ። ከዚያ ኢያኤልን በአባቷ ስም ጠሯት። ነይ፣ ከወንድምሽ ሥር ከእህቶችሽ በላይ ተቀመጪ አሏት፣ ቦታዋ እሱ ነውና። ሄደች። እዚያ ስትደርስ ቦታ አልነበረም፣ ልጆቹ ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት። ሁሉም ወደ ሻሺቱ ተመለከተ።

«ባርኮት፣ ጠጋ በልላት» አለች ሻሺቱ።

ባርኮት ጠጋ አለ። ኢያኤል ተቀመጠች። ብርቅዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ኖላዊት የማታውቃትን እህቷን የእጅ ሰዓት ጎንበስ ብላ አየች። ሽማግሌዎቹ አራት ልጆች ብለው ለፍርድ ቤቱ አስጽፈው ፈረሙ። ጽሕፈቱን ለኔ አልሰጡኝም፤ የቀበሌውን ልጅ ነው ያስጻፉት። ተገቢ ነው።

እኔ ተቀመጥ ሳልባል ቀረሁ። ረስተውኝ ይመስለኛል። ስብሰባው እስኪያበቃ ቆምኩ።

ኢያኤል ልትሄድ ስትል ወደ እኔ መጣች። አመሰግናለሁ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። «ፍርድ ቤት ላይ ይሉታል ብዬ ነበር» አለችኝ። ሰኞ እንገናኝ ቲቸር ብላ ወደ እናቷ ሄደች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሻሺቱ ጎን የነበረው ቦታ ብቻ ነው ክፍት የነበረው። ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱን ጨረስን። ሙቀቱ ሲመለስ ጋቢዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አጠፈች። እኔን ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ዓመት እንዴት ከቤቴ ገብተህ ትወጣለህ ትለኛለች ብዬ። ለሱ መልስ ነበረኝ።

«ወርቂቱስ?» አለችኝ። «ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም» አልኳት።

ወዲያው ነው የወጣው። ወርቂቱን ላድን ነው ያልኩት። ወይም ለሻሺቱ አንድ የሚቀርላት ሰው ይኑር ብዬ። ሁለቱም ጥሩ ምክንያት ናቸው።

እሺ አለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሲቀላ ስንወርድ ብቻዋን ባጃጅ ጠርታ ሄደች፣ መንገዳችን አንድ ሆኖ ሳለ።

ቤት ገብቼ ለወርቂቱ የቀኑን ሁሉ ነገርኳት። ስነግራት ቀለል አለኝ፣ አልዋሽም። ረጅም ጊዜ ተሸክሜ የነበረውን ያወረድኩ መሰለኝ። በመጨረሻ ሻሺቱ ስላንቺ ጠየቀችኝ፣ ከነገሩ አውጥቼሻለሁ አልኳት።

«ምን ብለህ?»

«አታውቅም ብዬ።»

የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ፍርድ ቤት በቆምክበት ሳምንት እሑድ ሄጄ ነግሬያታለሁ» አለችኝ። «ከዚያ ጥር ጀምሮ እንደማውቅ፣ ከገረሴ እንደተመለስክ አንተ እንደነገርከኝ። እግሯ ላይ ወድቄ ነው የነገርኳት። ለዚህ ነው ሽማግሌ ይሁን ያለችው።»

ለወርቂቱ የነገርኳት እኔ ነኝ። ያኔ፣ በዚያው ምሽት። ይህን ከላይ አልጻፍኩትም።

እንግዲህ ሻሺቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ታውቅ ነበር። ሜዳው ላይ አራት ስል ታውቅ ነበር። መኪናው ውስጥ ስትጠይቀኝም መልሱን ታውቅ ነበር፤ የጠየቀችኝ እኔ ምን እንደምል ለመስማት ነው።

በሯ ከኛ በር ዐሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ እስከ አጥሩ ሄጄ ተመለስኩ። ሁለቱንም ጊዜ ወርቂቱ አየችኝ።